«ደህና ነኝ» ያለ ሰው ተዝካር

የአንድ ሟች የአርባ ተዝካር ጠላ፣ ከራሱ ከሟቹ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጬ ጠጥቻለሁ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ሚስቴም እስከ ዛሬ አላመነችኝም፤ እሷ ግን የማታምነኝ ነገር ብዙ ስለሆነ ተዉት።

ይህን ያስታወሰኝ ዛሬ ማለዳ የጮኸው ስልኬ ነው። ባሕር ዳር የምትማረው ልጄ ናት። «አባዬ፣ ደህና ነኝ» አለችና ተቋረጠ። አልጋው ጫፍ ላይ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ፣ ሌላውን ረስቼ፣ ደርቄ ቀረሁ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ሞባይል ላሊበላ በገባ ሰሞን፣ ከገነተ ማርያም በላይ ባለችው መንደራችን የመጀመሪያውን ስልክ የያዝኩት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ከባትሪ ድንጋይ ካርቶንና ከሳሙና መጠቅለያ ላይ ነው። ግን ሬዲዮ ፈትቼ እገጥም ነበር። መብራት በሌለበት አገር ባትሪ ድንጋይ ደርድሬ፣ በሽቦ አያይዤ ስልኬን ቻርጅ አደርግ ነበር፤ እስቲ ከተማሩት አንዱ ይሞክራት። ኔትወርክ የሚገኘው ግን ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ፣ ከአንዲት የኮሶ ዛፍ ሥር ብቻ ነው። ጧት ጧት ወጥቼ ስልኬን ወደ ሰማይ አንሥቼ ስቆም፣ ከታች ለሚያየኝ ሰው የምቀድስ እመስላለሁ።

ጎረቤታችን አያ ውቤ ስልኬን አልወደዷትም። እሳቸው እኮ የሚወዱት ነገር አልነበረም። ሲዘንብ «በረዶ ሊጥል ነው»፣ ሲያባራ «ውርጭ ሊመጣ ነው»፣ መንገድ ሲጠረግ «ሌባ ሊገባበት ነው»። ስልኬንም አገላብጠው አይተው፣ «ድሮ ክፉ ወሬ በእግሩ ሲመጣ ዳገቱ ላይ ይደክመው ነበር። አሁን ሳይደክመው ሊገባ ነው» አሉ።

አንድ ልጃቸው ምስጋናው እኩያዬ ነው። ያን ዓመት መስቀልን ውሎ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ። ቆላ ወርዶ በወባ የሚቀር ብዙ ስለነበር፣ አያ ውቤ ሲሸኙት እንኳ «እንግዲህ በሰማይ ያገናኘን» ብለው ነው የሸኙት።

አንድ ማለዳ፣ ገብሱ ቢጫ መምሰል ሲጀምር፣ ኮሶዋ ሥር ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«ሞላ! ምስጋናው ነኝ፣ በሰው ስልክ ነው። ለአባቴ ደህና ነኝ በልልኝ!» ጥርቅም።

ቁልቁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። ጤዛው እስከ ጉልበቴ አርሶኝ በራቸውን ደበደብኩ። እንግዲህ በኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። መርዶው እስኪነገር ድረስ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ስለ ሟቹ ሲጠየቅ «ደህና ነው» ነው የሚለው። ይህንን ከእናቴ ጡት ጋር ጠብቼዋለሁ፤ ደስታ አስረሳኝ።

«አያ ውቤ፣ ምስጋናው ደህና ነው!»

ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ማን ጠየቀህ?»

«ራሱ ደውሎ ነው! ደህና ነኝ በልልኝ አለኝ።»

«በዚህ ማለዳ? እየሮጥክ?» ወደ ጓዳ ዞሩ። «ዘነቡ፣ ነጠላሽን ዘቅዝቂ። ልጃችን የለም።»

እማማ ዘነቡ እሪ አሉ። ከዚያ ወዲያ የኔ ነገር አለቀለት። መንደሩ እየጮኸ መጣ። እኔ «ኧረ አልሞተም፣ ደህና ነው!» ባልኩ ቁጥር ልቅሶው ይብሳል። አንዲት ጎረቤታችን ደረቷን እየደቃች፣ «ሞላ ሳይቀልድ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እዩት ፊቱን!» አለች። በቅሎ እንኳ የማስቅ ሰው፣ አንድ ቀን ቁም ነገር ብናገር እሱው ማስረጃ ሆነብኝ። ልቀልድ ብሞክር ደግሞ «ሐዘኑ አሳበደው» አሉ።

ሁለት ሽማግሌዎች ጎተራ ጀርባ ወሰዱኝ።

«ጨዋ ልጅ ነህ፣ ምሥጢር ይዘሃል። አሁንማ ወጥቷል። ወባ ነው ሽፍታ?»

«አልሞተም እኮ!»

«እሱስ ይሁን። ቀብሩ አምሮለታል?»

በማግስቱ አያ ውቤን እየደገፍኩ ጉብታው ላይ አወጣኋቸው። ምስጋናው ወደ ደወለበት ቁጥር መልሼ ደወልኩና ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፍኩላቸው። ያቺ ስልክ ውስጥ ያለች ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» አለች። ስልኩን መለሱልኝ። «ሰማህ? ከተማም ተሰምቷል።»

ከሠልስቱ በኋላ ምስጋናው ደግሞ ደወለ። አያ ውቤ ከጉብታው ሥር አህያ ይጠብቁ ነበር፤ «ቆይ፣ አትዝጋ፣ አባትህን ላምጣ» ብዬ ጎትቼ አደረስኳቸው። «አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ!» ሲል እኔም ሰማሁት። እሳቸው እስኪቋረጥ አዳመጡ። እንባቸው በጺማቸው ወረደ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

«ድምፁ የሱ ነው» አሉ። «ግን ሬዲዮ ላይም የሞተ ሰው ይዘፍናል። ሬዲዮ የምትሠራው አንተው አይደለህ?»

«ለምን ክፉ ክፉውን ብቻ ያምናሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ በድርቁ ጊዜ ወንድሞቼ 'ደህና ነን፣ አታስብ' ብለው ላኩብኝ። አለቁ። እኅቴም ደህና ነኝ አለች፤ አለቀች። 'ደህና አይደለሁም' ይለኝ የነበረው ያንተ አባት ብቻ ነው። ያው፣ እስከ ዛሬ አለ።»

ስልኬን ኪሴ ከትቼ አህያቸውን ልፈልግላቸው ወረድኩ።

አርባው ደረሰ። ጌሾ ተወቀጠ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ በግ ታረደ፣ ዳስ ተጣለ። ቄስ አባተ ጸሎቱን ጨርሰው መሶቡን ባረኩ። እኔም ጥግ ይዤ፣ ዋንጫዬን ሳልነካ ተቀምጫለሁ። ያን ጊዜ አንድ ከሲታ ጎረምሳ ከረጢት ተሸክሞ መጣና ዳሱ አፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው «ማን ሞቶ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ሰውየው ቀና ሳይል «ምስጋናው ውቤ» አለው። ከዚያ ቀና አለ። ዋንጫው ከእጁ ወደቀ።

የሚጮኸው ጮኸ፣ እልል የሚለው እልል አለ፣ ቄስ አባተ አማተቡ። አያ ውቤ ተነሡና የልጃቸውን ራስ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ ጣቶቹን ሳይቀር ዳሰሱ።  ከዚያም «ከስተሃል። ወባዋ ውስጥህ አለች» አሉት።

ጠላ አይደፋም። ምስጋናው አጠገቤ ተቀመጠ፣ አንድ ዋንጫ ገለበጠና «ጠላዬ አይከፋም» አለኝ።

ዓመታት አልፈው አያ ውቤ የምራቸውን ሞቱ። ምስጋናው ወልድያ ሥራ ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ትንሽ አሟቸዋል፣ ና በለው» አሉኝ። ደወልኩ። ያ ሁሉ ምላሴ ደረቀ።

«ምስጋናው፣ አባትህ… ደህና ናቸው።»

 «መቼ?» አለኝ።

ዛሬ ለልጄ መልሼ ብደውል ያቺው ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» ትላለች። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ልጄ ራሷ በምስል ደወለች። ዳቦ እያኘከች ትስቅብኛለች። አያ ውቤ ግን ከመቃብር ሆነው «ምስልማ የሞተ ሰውም አለው» ሲሉኝ ሰማሁ። ያን ያህል የሳቅኩባቸው ሰውዬ ቤቴ ገብተው ተቀምጠዋል፤ ማስወጣት አልቻልኩም።

አላመናችሁኝም አይደል? ምስጋናው አሁን ገነተ ማርያም ነው የሚኖረው፤ ውረዱና ራሱን ጠይቁት፤ ጠላው እንዴት እንደነበር ይነግራችኋል። ብቻ በማለዳ በሩን እንዳታንኳኩ፤ «ሞላ ደህና ነው» ብላችሁም እንዳትጀምሩ።