የታገኘ ሦስት ክላክስ

ሹፌሩን ታገኘን የጎንደርና የደባርቅ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሲነዳ ከተሳፋሪ ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ከገዛ እናቱ ጋር ግን ዓመት ከሦስት ወር ተኳረፈ።

ኮሮና የገባ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባው እናቱን ጠይቆ በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት የእናቱን ለቅሶ ተቀመጠ። ታገኘ በቀን ስንት የሚያስል ሰው ከጀርባው እንደሚቀመጥ ያውቃልና ክፉኛ ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ዳባት መውጫ ላይ ያለውን የእናቱን ቤት ሲያልፍ ሦስት ጊዜ ክላክስ ይነፋል እንጂ አይወርድም። ወይዘሮ ባንቻየሁ ደጃፍ ወጥተው እጃቸውን ያነሣሉ፤ ንዴታቸው ሲብስ ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተውት ይገባሉ።

«ክላክስ ልጅ አይሆነኝም!» አሉት አንድ ቀን በስልክ። «ስሞትም እንዲሁ ነፍተህ እለፍ!»

«ተከተቢ እምዬ፤ ያኔ እመጣለሁ።»

«በሰባ ስምንት ዓመቴ መርፌ?»

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተሸነፉ። ሁለተኛውን መርፌ የተወጉት በሰኔ እግዚአብሔር አብ ዕለት ነው። ነርሷ ሁለት ሳምንት ይታገሡ ስትላቸው በጣታቸው ቆጠሩና «መድኃኔ ዓለም ነዋ!» አሉ። ታገኘም ቀድሞ ተከትቦ ነበርና ደስ አለው፤ ዳሩ ግን ዕለቱ የሥራ ተራው ላይ ዋለ። በማግስቱ እመጣለሁ ብሎ ላከባቸው። እናቱን ገና አላወቃቸውም!

የመድኃኔ ዓለም ጠዋት ክላክሱን ሊነፋ እጁን ሲሰድ እናቱ መንገዱ መሐል ቆመዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የክትባት ካርዳቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ። ፍሬኑን ረገጠው።

«ውረድ!» አሉት። «ሁለቴ ተወግቻለሁ፤ ዐሥራ አራት ቀኔንም ቆጥሬአለሁ። አሁን ምን ቀረህ?»

ረፈደብን ብሎ መጮህ የጀመረ አንድ ተሳፋሪ ነገሩ ሲገባው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ማየት ጀመረ። ታገኘ ወርዶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ፣ ቀና አድርገው አንገቱን አቀፉትና ጉንጩን እያገላበጡ ሳሙት። የሃምሳ ዓመቱ ጎልማሳ በተሳፋሪው ሁሉ ፊት አለቀሰ፤ ደስታው ልክ አጥቶ ማፈሩንም ረሳው። መኪናው ውስጥ እልልታው ቀለጠ።

«በል ሂድ፤ ሰው አታስረፍድ» አሉት እንባቸውን እየጠረጉ። «ስትመለስ ግን እንዳታልፈኝ።»

ከሰዓት በኋላ ታገኘ ከደባርቅ ተሳፋሪ አልጫነም። ባዶውን መጥቶ ከደጃቸው አቆመ። ክላክስ አልነፋም። በሩ ቀድሞ ተከፍቶለት ነበር፤ ገባ።