ከእንጦጦ ጸበል በቀጥታ ወደ ደም ምርመራ

«ዛሬ ጠዋት ደም ከመስጠትሽ በፊት ምን ስትሠሪ ነበር?» አለችኝ ዶክተሯ ውጤቴን እያየች።

«ከአማቴ ጋር እንጦጦ ድረስ በእግር ወጥተን፣ ጸበል ተጠምቀን፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ላብራቶሪ።»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔ ግን ፕሮላክቲን ከሚባለው ሆርሞን ጎን «ከፍተኛ» የሚል አይቼ፣ ጉግል አድርጌ፣ የራሴን ተስካር አውጥቼ ጨርሻለሁ።

እኔና ባለቤቴ ልጅ ለመውለድ መሞከር ከጀመርን ሁለት ዓመታችን ነው። የወር አበባዬ ሲያሻው በወሩ፣ ሲያሻው በሦስት ወሩ ይመጣል። ምርመራውም ለዚሁ ነው።

ለካ ይሄ ሆርሞን በድካምም በጭንቀትም ከፍ ይላል! በአንድ ውጤት ብቻ አይደመደምም፤ ሐሙስ አርፌ ድጋሚ እሰጣለሁ።

አብረውኝ የገቡት አማቴ ክው አሉ። «ጸበሉ ነው እንዴ ያበዛባት?»

«ኧረ አይደለም እማማ፣ ዳገቱና ብርዱ ይሆናል። መጀመሪያ ደሟን ትስጥ፣ ከዚያ ይውሰዷት» አለቻቸው ዶክተሯ።

ወደ ሲ.ኤም.ሲ በታክሲ ተመለስን። ልንወርድ ስንል እጄን ያዝ አደረጉና፣ «ሐሙስ አንቺ ተኝተሽ አርፍጂ፣ በታክሲ ሂጂ። ዳገቱን እኔ እወጣልሻለሁ» አሉኝ።

እናንተስ ከምርመራ በፊት ምን ጉድ ሠርታችኋል? አውሩልኝ፤ እስከ ሐሙስ አትጨነቂ ተብያለሁ።