ከንፈርሽን ብቻ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምራለሁ። የክር፣ የትንፋሽ፣ የምት እያልኩ የመሣሪያዎቹን ቤተሰብ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ እንጂ በእጄ ያለው አንድ ክራር ነው። እሱም በዚህ ሙቀት ክሩ እየላላ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ቅኝቱ ይጠፋል። ያን ቀን የተቆጣሁት በዚህ የተነሳ ነው ልል ነበር፤ ሰበብ ነው።

ለወላጆች ቀን የስድስተኛ ክፍል ልጃገረዶችን ዘፈን አለማምድ ነበር። አንዷ ድምፅዋ ጎርናና ነው፤ ከሌሎቹ ሥር ሥሩን ይሄዳል። በዚያው ሳምንት «የሴት ቀጭን ድምፅ ሶፕራኖ፣ ወፍራሙ አልቶ ይባላል» ብዬ ያስጻፍኳቸው እኔው ነኝ። ያስጻፍኩትን ጆሮዬ አላወቀውም። ክራሬን አስቀመጥኩና በጓደኞቿ ፊት «አንቺ ያለሽ የወንድ ድምፅ ነው፤ ታበላሺብናለሽ። ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እስካሁን የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው።

በወላጆች ቀን እናቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። በሰፈሩ ሰርግና ዱአ ላይ ድቤ ይዘው መንዙማ የሚመሩ ሴት መሆናቸውን ሰምቻለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ ልጃቸውን ይዘው መጡ።

«መምህር፣ የልጄን ድምፅ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። አሟት ይሆን?»

እውነቱን መናገር አቃተኝ። «የለም እትዬ፤ ፒያኖ የሚባል ምልክት አለ። እሱ ያለበት ቦታ ለስለስ ተደርጎ ነው የሚዘፈነው። ልጅዎ ምልክቱን ጠብቃ ነው» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ! እኔ ያላገኘሁትን ትምህርት አገኘችልኝ» ብለው መረቁኝ። ልጅቷ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለጎረቤታቸው ሰርግ ተጠራሁ። እናትየው ድቤውን ይዘው መንዙማውን ጀመሩ። ወፍራም ድምፅ ነው፤ ዳሱን ሞላው። ልጅቷ ድምፅዋን ከየት እንዳመጣችው ያኔ ገባኝ። ሴቶቹ ሲቀበሉ እሷም መሐላቸው ነበረች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ከጎኗ ያሉት እንኳ የሚሰሙት ነገር ያለ አይመስልም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቢሆንም እውነቱን ልንገራቸው ብዬ፣ አረፍ ሲሉ ወደ እናትየው ተጠጋሁ። ላባቸውን እየጠረጉ ቀደሙኝ።

«አዩልኝ መምህር? ድሮ ከእኔ እኩል ነበር የምትቀበለው። አሁን ቤትም ቢሆን እንዲህ ናት። እህቶቿ ድምፅሽን አውጪ ሲሏት እኔ ነኝ የምከለክላቸው። ‹ተዉአት፣ መምህሯ ያስተማራትን ትጠብቅ› እላለሁ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። የምመልሰውን እየጠበቀች ነበር።

«ጎበዝ ናት» አልኩ።