ሎርንና ያጋደለችው መኪና

ሎርን ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀንቻለሁ። ደብቄ ምን አገኛለሁ? ሳስካችዋን ውስጥ፣ አንዲት ጋራዥ ብቻ ባለባት ትንሽ ከተማችን፣ እሱና እኔ ጎን ለጎን መኪና ስንጠግን ኖርን። ደንበኛ ይመጣና በር ላይ ቆሞ «ሎርን አለ?» ይላል፤ እኔ እዚያው ፊቱ ዘይት በዘይት ሆኜ ቆሜ! አርብ አርብ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በጥቅል ጎመን የተጠቀለለ ሩዝና ሥጋ የሚልኩት ለሱ ነው። ላጤ ስለሆነ ያሳዝናቸዋል አሉ። እኔን ያገባሁትን ማን ይዘንልኝ!

ሰውዬው ደግሞ አያወራም። ትንሽ እንኳ ቢኮራ ደህና ሰበብ አግኝቼ በጠላሁት። ጧት ቀድሞን ይገባል፣ ማሞቂያውን ያበራል፣ ሥራውን ይጀምራል። የመኪና ከፍታ መለካት ሲፈልግ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሁለት ስስ ብረቶች አውርዶ በመስኮቱ በኩል ባሉት ጎማዎች ስር ያስገባል። «ምን ዓይነት ጥንቆላ ነው ይሄ?» ስለው «ልማድ ነው» ብሎ ይዘጋኛል።

ባለፈው መኸር የጋራዡ ባለቤት ዶሪን ሰባ አምስት ሞላቸውና ጋራዡን ከሁለታችን ለአንዱ እንደሚለቁ ተናገሩ። እንቅልፍ አጣሁ። በዚያው ሳምንት የሟች ባላቸውን ሰማያዊ መኪና አመጡ፤ ሎርን የፊት ሞላዎቿን ቀየረ። ከክሪክ ሲያወርዳት አየሁ፤ ግራ ጎኗ ሽቅብ ከፍ እንዳለ ቀረ። አቤት ደስታዬ! ቀጥ ብዬ ወደ ቢሮ ሮጥኩ።

«ዶሪን፣ ይምጡና የጀግናዎን ሥራ ይዩ!»

መጡ። ሎርን መኪናዋን ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ መለሰ፣ ፓራፋንጎዋን ሁለቴ ጫን ጫን አደረገ። ግራዋ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ከክሪክ የወረደ ጎማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ወደ ቦታው የሚመለሰው ሲንከባለል ነው። ይህን እኮ የአንድ ወር ለማጅም ያውቀዋል! ቅናት ዓይኔን ጋርዶት እንጂ እኔስ መቼ ጠፋኝ።

እፍረቱ ሲያንገበግበኝ ውኃ ልክ አምጥቼ የፊት መከላከያዋ ላይ አጋደምኩ። የውኃ ልኩ አረፋ ከፍ ወዳለው ጎን፣ ወደ ቀኝ ሸሸች።

«ይኸው! አሁን ደግሞ ወደ ግራ አጋድላለች!»

የሎርን ፊት ተለወጠ። «ተወው ጋርዝ፣ ነገ አየዋለሁ።»

«ነገ? ዛሬስ ምን ሆነ? ፈራህ እንዴ?»

«ተወው አልኩህ እኮ፣ በናትህ።»

በሃያ ሁለት ዓመት ሲለምነኝ ሰምቼ አላውቅም። ያዝኩት አልኩ በልቤ።

ዶሪን ግን ጋራዥ ውስጥ ያረጁ ሴት ናቸው። «አዙራችሁ አስገቧት» አሉ። አዞርናት። ውኃ ልኩን ራሳቸው አጋደሙ። አሁን ያጋደለችው ወደ ቀኟ ነው፤ ወደዚያው ወደ መስኮቱ።

«መኪናዋ ምንም የላትም፣ ያዘመመው ሊሾው ነው። ማን ነበር ያፈሰሰው?»

ያፈሰስኩት እኔ ነኛ! ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በገዛ እጄ። ለገባ ለወጣው «እንዲህ ያለ ልክ ወለል የትም አታገኝም» እያልኩ ስፎክርበት የኖርኩት።

ዶሪን የተሰቀሉትን ብረቶች አዩ፤ ከዚያ ሎርንን። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ገና በፈሰሰበት ዓመት፣ የመጀመሪያው በረዶ ከመኪኖቹ ላይ ቀልጦ ወደ መስኮቱ ሲወርድ።»

«ታዲያ እንዴት አትነግረኝም? ሰብረን እንደገና እናፈሰው ነበር እኮ!»

ሎርን በጫማው ጫፍ ወደ ጥጉ አመለከተ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ያሳተምኩት የልጄ የታንያ እጅ አለ፤ የሁለት ዓመት ልጅ እጅ፣ አምስቱም ጣቶቿ።

«ይሄ እንዲሰበር?» አለ።

ዶሪን የጋራዡን ቁልፍ እዚያው ለሎርን ሰጡት። እኔም አፍ አውጥቼ አልተከራከርኩም። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት «አንተ ብትሆን ለሱ ታደርገው ነበር?» አለችኝ። ሾርባዬን አቀርቅሬ ጠጣሁ።

ሰው አሁንም «ሎርን አለ?» እያለ ይመጣል፤ ያ ብዙም አያናድደኝም። ሙያውን ተግቼ ብማር እደርስበት ይሆናል። የምቀናው በዚያ ዝምታው ነው፣ እሱን ከየት አመጣለሁ? ሎርን መኪና ሊለካ ሲል ብረቶቹን አውርጄ ከጎማው ስር የማስገባው አሁን እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።