ከነጭ አመድ ሥር

ላስተምር ወደ ትምህርት ቤት ልሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ ነው አራት ሰዎች የመጡት። በዚያ ሰሞን ከአዳማ መምህራን ይወሰዱ ስለነበር ብዙ አልጠየቅኩም። ስልኬን፣ አንድ ደብተርና በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በጥጥ የጠቀለልኳቸውን ሰባት የባልጩት ድንጋይ ስለቶች ከእኔው ጋር ይዘው ሄዱ።

ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ናት። ሃያ ያህል ሰው ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል፤ የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ይሰነፍጣል። ከመቂ የመጡ ሽማግሌ የሽንኩርት ገበሬ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«በምን ያዙህ፣ ልጄ?»

«በድንጋይ፣ አባባ።»

«የወረወርከው?»

«ያነሳሁት።»

አልሳቁም። ተጠርተው ከወጡት ሁለቱ እንዳልተመለሱ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ መቀርቀሪያው በተንኳኳ ቁጥር ቀና ብዬ በሩን አይ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ተጠራሁ። መርማሪው ስለቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል።

«ምንድናቸው?»

«የጦር ጫፍ» አልኩ። ወዲያው ጻፈው።

«የጥንት ሰዎች ለአደን እንጨት ላይ ያስሩት የነበረ ማለቴ ነው» አልኩ።

«ዕድሜውን በምን አወቅህ?»

ድንጋዩ ራሱ ዕድሜውን እንደማይናገር አስረዳሁት። ከባቱ ከተማ በላይ ያለው ገደል ውስጥ እሳተ ገሞራ የተፋው ነጭ አመድ አለ፤ ከአመዱ ሥር የተቀበረ ነገር አመዱን ይቀድማል። ጎርፍ አጥቦ ሜዳ ላይ የጣለውን ግን ማንም እርግጠኛ አይሆንበትም። ለሙዚየም ላስረክባቸው እንደነበርም ነገርኩት።

ደብተሩን ገልጦ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። «'ከአመዱ ሥር፣ ከተ. ጋር' ይላል። ተ. ማነው?»

ተ. ጓደኛዬ ነው። ሚስቱ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። ስሙን ግን አልነገርኩትም።

«ደብተሩ የኔ ነው። የምጠየቅበትም እኔ ነኝ።»

ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ ይህንኑ መለስኩ። በመጨረሻ ወረቀት ገፋልኝ። «የጦር መሣሪያ ጫፍ፣ ብዛት ሰባት» ይላል።

«ፈርም።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ። «'የጥንት የድንጋይ መሣሪያ' ተብሎ ይስተካከልልኝ። ሁለቱን ደግሞ ሜዳ ላይ ነው ያገኘኋቸው። ዕድሜያቸው እንደማይታወቅ ይጻፍ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «እዚህ ተቀምጠህ ስለ ድንጋይ ዕድሜ ትከራከረኛለህ?»

«የማላውቀውን አልፈርምም፣ ጌታዬ።»

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተና ዘበኛውን ጠራ። ዱላ ጠበቅኩ፤ ግን ወደ ክፍሌ መለሱኝ። ሽማግሌው ፊቴን አይተው «ፈረምክ?» አሉ።

«አልፈረምኩም።»

ዳቧቸውን ገምሰው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።

ከሳምንታት በኋላ ያለ ክስ ተለቀቅኩ። ሽማግሌውን እዚያው ትቼ ወጣሁ፤ ኋላ ምን እንዳገኛቸው አላውቅም። ድንጋዮቹም አልተመለሱም።

ከጓደኛዬ ጋር አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገደሉ እንወርዳለን። ባልጩት ስናገኝ ፎቶ አንስተን እዚያው እንተወዋለን። ማስታወሻውን የሚይዘው እሱ ነው። እጅህ ጽሑፍ ጠላ እንዴ እያለ ይቀልድብኛል። ደብተሬ ውስጥ ስላለው ተ. እንደተጠየቅኩ አልነገርኩትም፤ አብሬው እስቃለሁ።