ባለ ኮከቡ መስመር

ከማሽን የወጣ ትኩስ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ሲሸተኝ፣ ዛሬም ጄኔቭ፣ «ለ ሊኞን» በሚባለው ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ አባቴ አጠገብ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። አባቴ ግራንድ ሳኮኔ በሚባል ሰፈር በሚገኝ የኤግዚቢሽን አዳራሽ በጽዳት ይሠራ ስለነበር፣ ቅጽ በደረሰው ቁጥር እዚያ ሦስት ቅጂ አስነሥቶ፣ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ሽታው ሳይለቀው ይዞልኝ ይመጣ ነበር። እናቴን አዲስ አበባ ትተን እኔና አባቴ በስደት መንገድ ላይ ስለቆየን፣ ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ አንድ ዓመቴ ጄኔቭ ገብቼ ነው፤ ያም ሆኖ የቤቱ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

በመጸው እናቴን የምናስመጣበት ቅጽ መጣ። «ዝባዝንኬውን ተይና ኮከብ ያለበትን አንብቢልኝ» ይለኝ ነበር አባቴ፤ ኮከብ ያለበት መስመር ባዶ አይታለፍምና። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ጣታችንን በየኮከቡ ላይ ስናሳርፍ አይታ፣ «ኮከብ ቆጣሪ ሆናችሁ አረፋችሁት! እስቲ ለእኔም ባል እዩልኝ» ብላ አሳቀችን።

የእናቴ ልደት መስመር ላይ ስንደርስ አባቴ ጥቅምት አምስት ብሎ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ነገረኝ። እኔ ግን ቀን ማመሳከር ገና መማሬ ስለነበር፣ ቀኑንም ዓመቱንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሼ፣ በጥንቃቄ ጻፍኩ። ግንባሬን ስሞ «ጎበዝ!» አለኝ። ስዊዘርላንድ እንደገባን የስደተኞች ቢሮ በጠየቀው ጊዜ ያንኑ ልደት በእኛ አቆጣጠር እንደተናገረና ወደ ፈረንጅ ሳይቀየር እንዳለ እንደተመዘገበ፣ እሱም አላስታወሰ፣ እኔም አላወቅሁ።

አባቴ የበረዶውን ክረምት ሁሉ ቁም ሣጥኑን ለሁለት ከፍሎ፣ ባዶውን ወገን ይወለውል ነበር። በጸደይ የመጣው ደብዳቤ ግን አንዲት ሴት ለምን ሁለት ልደት እንዳላት ጠየቀ። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ጽፈን አስረዳን፤ ማስረጃ አምጡ ተባልን፤ የእናቴ የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ በግምት የተሞላ ሦስተኛ የልደት ዓመት ይዞ ደረሰ። በጋው ላይ ማንነቷ አልተረጋገጠም ተብሎ ተከለከለች፤ ይግባኙም ወደቀ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ አባዬ።»

«ዝም በይ! አንቺ ትክክሉን ነው የጻፍሽው።»

እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኸው ትክክል መሆኑ ነው።

አሁን ዙሪክ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ያ የቅጹ የኮከብ ምልክት ስሙ በግሪክ ትንሽ ኮከብ ማለት እንደሆነ፣ የጥንት የእስክንድርያ ሊቃውንትም ሌላ ቦታ ከተደገመ ስንኝ ጎን ያኖሩት እንደነበር ያነበብኩት እዚህ ነው። ኋላ አታሚዎች የግርጌ ማስታወሻ መጥሪያ አደረጉት፤ የዚህ አገር ጋዜጣ ደግሞ የሙታን ማስታወቂያ ላይ ከልደት ቀን በፊት ኮከብ፣ ከሞት ቀን በፊት መስቀል ያደርጋል። ቀኗ ሲደርስ ለእናቴ ከኮከቡ ቀጥሎ የትኛውን ቀን እንደምጽፍ አላውቅም።

ያኔ በልጅነቴ እናቴ ስልክ ስናነሣ ቀድማ «መቼ ነው የምትወስዱኝ?» ትል ነበር። ካደግሁ በኋላ ፓስፖርት አግኝቼ ሁለት ጊዜ ሄጄ አየኋት፤ እንደ እንግዳ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ተቀበለችኝ። አሁን በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ ስለ መምጣት አታነሣም፣ እኔም አላነሣም። «በላሽ? ብርዱ እንዴት ነው?» ትለኝና፣ መልሴን ሳልጨርስ፣ «በይ፣ ሥራ አላስፈታሽ» ብላ ትዘጋዋለች።