ሲቀላቀሉ ይበረታሉ

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሄምፕ ከሚባለው የማያሰክር የካናቢስ ዝርያ የተጨመቀ ዘይት ወደምንሸጥበት ሱቃችን የምትመጣ አንዲት አሮጊት አለች። ስሟን ነግራን አታውቅም። የወንድ ቦቲ ትጫማለች፤ በኬንታኪ የበጋ ሙቀት እንኳ ጓንቷን አታወልቅም። እኛ ጋ ደንበኛ ሁሉ ከመግዛቱ በፊት ከዘይቱ ምላሱ ሥር ጠብ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። እሷ አንድም ቀን ቀምሳ አታውቅም።

«ለኔ አይደለም የኔ ማር፤ ለባሌ ነው። እሱ እንቅልፍ ሲያጣ እኔንም ያሳጣኛል።»

ባሏ ውጭ፣ ፒካፑ ውስጥ መሪውን ይዞ ይጠብቃታል። ትንሽ ከዘገየች ክላክሱን ያስጮኸዋል። ያኔ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ይወጣል፤ ፈገግታዋ ግን ከፊቷ አይጠፋም።

ሲቢዲ የተባለውን የሚያረጋጋ ዘይትና ለእንቅልፍ የሚወሰደውን ሲቢኤን ለየብቻ ትገዛና፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ ከቤቷ ባመጣችው ጠርሙስ ትቀላቅላቸዋለች። ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ መጥቶ አያውቅም። ሁሌም ከሥሩ ጠቆር ያለ ነገር አለው።

«ምንድን ነው እሱ፣ እማማ?» አልኳት አንድ ቀን።

«የጓሮዬ ቅጠል ነዋ። ‹ሲቀላቀሉ ይበረታሉ› እያልሽ ለሰው ሁሉ የምትሰብኪው አንቺው አይደለሽ?»

ባለፈው ቅዳሜ ክላክስ አልተሰማም። ፒካፑን እሷው ነድታ መጣች። ጓንቷን አውልቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፤ ከሲቢዲው ምላሷ ሥር ጠብ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ ቆየች።

«ለባለቤትዎስ የእንቅልፉን ልጨምርልዎት?» አልኳት።

«ተይው ልጄ፤ በቅቶታል።»